አልማዝ፤ ከጉድጓዱ እስከ ቀለበቱ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




አልማዝ የሚለውን ስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። በየሰፈሩ፥ በየትምህርት ቤቱ፥ በየመሥሪያ ቤቱ አልማዝ የምትባል ሴት አለች። ይሁን እንጂ ስሙን ለልጃቸው ካወጡት ወላጆች መካከል ድንጋዩን በዐይናቸው ያዩት ጥቂቶች ናቸው። ቃሉ የመጣልን ከዐረብኛ ሲሆን፥ የዐረብኛውም ቃል ሥሩ «የማይበገር» የሚል ፍች ያለው የግሪኩ «አዳማስ» ነው። እንግዲህ በብዙ ቤት ድንጋዩ ሳይገባ ስሙ ገብቷል፤ የውድነቱም ዝና ሳይመረመር ታምኗል።

ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ይህንኑ ዝና ለመመርመር ነው። የአልማዝ ዋጋ የሚወለደው የት ነው? ከመሬት በታች ነውን? በአንጥረኛው እጅ ነውን? ወይስ በገዢው ልብ ውስጥ? ታሪኩን ስከታተል የደረስሁበት መልስ የሚከተለው ነው። ዋጋው የሚወለደው ከጉድጓዱ አፍ ተነሥቶ እስከ ቀለበቱ በሚደርሰው መንገድ ላይ ነው፤ መንገዱን የያዘም ዋጋውን ይይዛል። ከመካከላችን ከፊሉ ማዕድን ከመሬት የሚያወጣ፥ ከፊሉም በእሳትና በመዶሻ ጌጥ የሚሠራ እንደ መሆኑ መጠን፥ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሳይሆን የሙያችንም ጉዳይ ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ድንጋዩ ባሕርይ ጥቂት ልበል። አልማዝ ካርቦን ነው፤ ይኸውም በምድጃ ከሰልና በእርሳስ ውስጥ የሚገኘው ንጥረ ነገር ማለት ነው። ልዩነቱ የአተሞቹ አሰዳደር ነው። ከምድር ገጽ በታች 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ በሆነ ጥልቀት፥ ከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ካርቦኑን አጥብቆ አሰረው። ብዙዎቹ አልማዞች ከ1 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ወደ ላይ ያወጣቸው ከጥልቅ የፈነዳ እሳተ ገሞራ ሲሆን፥ ይዟቸው የወጣው ዐለት ኪምበርላይት ይባላል። ዐለቱ በዝናብና በጎርፍ ሲሸረሸር ድንጋዮቹ በወንዞች አሸዋና ጠጠር ውስጥ ይቀራሉ። የአልማዝ ክብደት የሚለካበት ካራት ስሙን ያገኘው ከካሮብ ዛፍ ፍሬ ነው፤ ከ1907 ጀምሮም 0.2 ግራም እንዲሆን ተወስኗል። በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ አልማዝ 10 ላይ በመቆሙ የሚጭረው ሌላ የተፈጥሮ ድንጋይ የለም። ነገር ግን በትክክለኛው መስመር አንድ ጊዜ ቢመታ ለሁለት ይሰነጠቃል። የማይበገር የተባለው ድንጋይ ይበገራል፤ የጠራቢዎችም ጥበብ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

እስከ 18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ዓለም አልማዝን ከሞላ ጎደል የሚያገኘው ከሕንድ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት ፈረንሳዊው ነጋዴ ዣን ባፕቲስት ታቨርኒዬ ወደ ጎልኮንዳ መንግሥት ተጉዞ ቁፋሮውን በዐይኑ አይቷል። በኮሉር 60,000 ያህል ሰው እንደሚሠራ፥ ወንዶቹ እንደሚቆፍሩና ሴቶችና ልጆች ዐፈሩን እንደሚሸከሙ ጽፏል። ከዚያ አገር ይዞት የወጣውን 115 ካራት ያህል የሚመዝን ሰማያዊ አልማዝ ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ ሸጠው። ንጉሡ በ1673 እንደገና አስጠረበው፤ በ1792 በአብዮቱ ጊዜ ተሰረቀ፤ እንደገና ተጠርቦ 45.52 ካራት ሆነ። ዛሬ «ሆፕ» በሚባል ስም በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ሙዚየም ይታያል። የድንጋዩ ታሪክ የነገሥታቱን፥ የነጋዴዎቹንና የባለጸጎቹን ስም በተራ ያስቀምጣል። ድንጋዩን ከጭቃ ውስጥ ያነሣው ሰው ስም ግን የትም አልተጻፈም። ይህ ጉድለት በታሪኩ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚመጣ ልብ እንድትሉት እለምናለሁ።

በ1720ዎቹ በፖርቱጋል ግዛት ሥር በነበረችው ብራዚል፥ በሚናስ ዤራይስ ወንዞች ውስጥ አልማዝ ተገኘ። አዲሱ አልማዝ አውሮፓን ሲያጥለቀልቀው ዋጋው ወደቀ። የፖርቱጋል ዘውድ ያገኘው መድኃኒት መንገዱን መዝጋት ነበር። በ1734 ወረዳውን ከለለ፤ ለጥቂት ዓመታትም ቁፋሮውን አገደ፤ ከዚያ በኋላ ሥራውን በኮንትራት፥ ከ1771 ጀምሮም በራሱ እጅ አካሄደው። በወንዙ ውስጥ ጎንበስ ብለው ጠጠሩን የሚያጥቡት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቦታውን የጎበኘው እንግሊዛዊው ጆን ማው እንደ ጻፈው፥ 17 ካራት ተኩል የሚመዝን ድንጋይ ያገኘ ባሪያ አበባ ተደፍቶለት ነጻ ይወጣ ነበር። ከዚያ ያነሰ ያገኘው ግን በማግስቱም ወደ ወንዙ ይመለሳል። እንዲህ በሆነ ጊዜ በሊዝበንና በፓሪስ አዳራሾች በሻማ ብርሃን የሚያበራ ጌጥ ይሠራበት ነበር። አልማዝ እስከዚህ ድረስ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ጌጥ እንጂ የተራ ሰው ጌጥ አልነበረም።

ታላቁ ለውጥ የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። በ1867 በኦሬንጅ ወንዝ አጠገብ አንድ ልጅ ሲጫወትበት የነበረ ድንጋይ 21.25 ካራት የሚመዝን አልማዝ ሆኖ ተገኘ። በ1869 ደግሞ አንድ የግሪኳ እረኛ 83.5 ካራት የሚመዝን ድንጋይ አገኘና ስካልክ ፋን ኒኬርክ ለሚባል ገበሬ በ500 በጎች፥ በ10 በሬዎችና በ1 ፈረስ ለወጠው። ገበሬው ይህንኑ ድንጋይ በ11,200 ፓውንድ ሸጠው። ድንጋዩ ተጠርቦ 47.69 ካራት ሆነና የእንግሊዝ መኳንንት ጌጥ ለመሆን በቃ። እውነቱን ለመናገር እረኛው በአካባቢው ዐይን ሀብታም ሆኗል። ይሁን እንጂ የበጎቹን ዋጋ ያውቅ ነበር እንጂ የድንጋዩን መንገድ አያውቅም ነበር።

በ1871 በደ ቤር ወንድማማቾች እርሻ ላይ ኋላ ኪምበርሊ የተባለው ጉድጓድ ተከፈተ። የመጀመሪያውን አልማዝ በኮረብታው ላይ ያገኘው ዴመን የሚባል አፍሪካዊ ወጥ ቤት እንደ ነበረ ይተረካል። ወንድማማቾቹ እርሻቸውን በ6,300 ፓውንድ ሸጠው ሄዱ፤ ለዓለም የተረፈው ስማቸው ብቻ ሆነ። ኮረብታው በእያንዳንዱ ጎኑ 31 ጫማ በሆነ ቁራሽ መሬት ተከፋፍሎ በሺህ የሚቆጠር ሰው ቆፈረው። ኮረብታው ጠፍቶ ጉድጓድ ሆነ፤ ጉድጓዱም እየጠለቀ 240 ሜትር ደረሰ። በ1914 እስኪዘጋ ድረስ ከዚያ ቦታ 22.5 ሚሊዮን ቶን ዐፈርና ዐለት ወጥቶ 2,722 ኪሎ ግራም አልማዝ ተገኝቷል። አስሉት፤ ለ1 ካራት፥ ማለትም ለአንዲት ትንሽ የቀለበት ፈርጥ ለሚበቃ ጥሬ ድንጋይ፥ ከ1 ቶን ተኩል በላይ ቋጥኝ ተፈልፍሏል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ድካም ቢጠይቅም የሚወጣው ድንጋይ ዓለም ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ ብዛት ነበረው። የብራዚል ታሪክ ተደገመ፤ ዋጋው ይወርድ ጀመር። ከጉድጓዱ ውኃ የሚስብ መሣሪያ በማከራየት ሥራውን የጀመረው ሴሲል ሮድስ መፍትሔው የቆፋሪዎችን ብዛት መቀነስ መሆኑን ተረዳ። ቁራሽ መሬቶቹን እየጠቀለለ በ1888 ደ ቢርስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1889 ተቀናቃኙን ኩባንያ በ5,338,650 ፓውንድ ቼክ ገዛ። ከዚያ ወዲያ ምን ያህል አልማዝ ወደ ገበያ እንደሚወጣ የሚወስነው የመሬቱ ለጋስነት መሆኑ ቀርቶ የአንድ ቢሮ ፈቃድ ሆነ።

መንገዱ የተዘጋው ለነጋዴዎች ብቻ አልነበረም። ከ1885 ጀምሮ አፍሪካውያን ሠራተኞች በታጠረ ግቢ እንዲኖሩ ተደረገ። የውሉ ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ የሚተኙትም፥ የሚሸምቱትም፥ የሚታከሙትም በግቢው ውስጥ ነበር። ድንጋይ በአጥር ላይ እንዳይወረወር ግቢው ከላይ በሽቦ መረብ ይሸፈን ነበር። ውላቸውን ፈጽመው ሊወጡ ሲሉም ለቀናት ተለይተው ይፈተሻሉ። ይህ ሥርዐት በኋላ ለደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች አያያዝ አርአያ ሆኗል። በ1908 ደግሞ በጀርመን ቅኝ ግዛት በነበረችው ናሚቢያ፥ ቀድሞ በኪምበርሊ የሠራ ዘካርያስ ሌዋላ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ አሸዋውን ሲጠርግ አልማዝ አይቶ ለአለቃው ለኦገስት ስታውክ አስረከበ። ድንጋዩን ያወቀው የሌዋላ ዐይን ነው፤ ሀብቱ ግን የስታውክ ሆነ።

ክቡራን ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

አሁን ወደ ጌጣጌጡ እንሻገር። አብዛኞቻችን የምናስበው ሰው ጌጡን ስለ ወደደ ማዕድኑ ተቆፈረ ብለን ነው። ከኪምበርሊ በኋላ ያለው ታሪክ ግን ግልባጩን ያሳያል፤ ማዕድኑ ስለ በዛ ጌጡ እንዲወደድ ተደረገ። ቀድሞ ፈርጡ ከወርቁ ጋር ተደፍኖ ይቀመጥ ነበር። በ1886 የኒው ዮርኩ ቲፋኒ አንዱን ድንጋይ በስድስት ጥፍር ከቀለበቱ በላይ ከፍ አድርጎ የሚይዝ አሠራር አወጣ። ድንጋዩ እንደ ልብ በሚገኝበት ዘመን ቀለበቱ ለድንጋዩ መቆሚያ ሆነ ማለት ነው። በ1919 ደግሞ ማርሴል ቶልኮቭስኪ ብርሃኑ በድንጋዩ ሆድ ውስጥ ተንጸባርቆ ወደ ተመልካቹ ዐይን የሚመለስበትን የአጠራረብ ማዕዘን በሒሳብ አስልቶ አሳተመ። እንዲህ ያለ 57 ወይም 58 ገጽ ያለው ክብ አልማዝ ሲጠረብ ከጥሬው ክብደት ግማሽ ያህሉ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ለብርሃን ሲባል ግማሹን ድንጋይ መሠዋት የሚቻለው ድንጋዩ ሲበዛ ነው።

ከ1929 ወዲህ የዓለም ኢኮኖሚ በወደቀ ጊዜ ገዢ ጠፋ፤ በ1932 ደ ቢርስ ጉድጓዶቹን እስከ መዝጋት ደረሰ። በ1938 ኩባንያው ኤን ደብልዩ አየር የተባለውን የአሜሪካ የማስታወቂያ ድርጅት ቀጠረ። ሥራው ድንጋይ መሸጥ ሳይሆን ልማድ ማስተማር ነበር፤ አልማዝ የሌለበት እጮኝነት እንደ ጎደለ እንዲቈጠር ማድረግ። በ1947 የድርጅቱ ጸሐፊ ፍራንሲስ ጌሬቲ አልማዝ ዘላለማዊ ነው የሚል ፍች ያለውን አጭር የእንግሊዝኛ ቃል አወጣች። የቃሉ ብልሃት ሁለት ነው፤ ፍቅርን ከድንጋዩ ጥንካሬ ጋር ያስራል፤ ደግሞም የተገዛው ድንጋይ ተመልሶ ገበያ እንዳይወጣ ገዢውን ያሳፍራል።

ይህ በባሕልም ላይ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ጃፓን ታስረዳናለች። ማስታወቂያው በዚያ አገር በተጀመረበት በ1967 የአልማዝ ቀለበት የሚደረግላቸው እጮኞች ከ100 አምስት እንኳ አይሞሉም ነበር። በ1981 ከ100 ወደ 60 ደረሱ። በ14 ዓመት ውስጥ የጃፓን ልጃገረዶች ልብ በተፈጥሮው አልተለወጠም፤ የተለወጠው መንገዱ ነው።

ሌላም ማስረጃ ልጨምር። በ1983 ሥራ ጀምሮ በ2020 የተዘጋው የአውስትራልያው አርጋይል ማዕድን ከ860 ሚሊዮን ካራት በላይ አልማዝ ሰጥቷል፤ አብዛኛው ግን ትንንሽና ቡናማ ነበር። ቀደም ሲል ለመሣሪያ ስለት ብቻ ይውል የነበረው ቡናማ ድንጋይ ሻምፓኝና ኮኛክ የሚል ስም ተሰጥቶት ለጌጥ ቀረበ። በሕንድ ጉጃራት፥ በሱራት ከተማ፥ ትንሹን ድንጋይ በአነስተኛ ዋጋ የሚጠርቡ እጆች ተገኙ። ዛሬ በዓለም ከሚጠረቡት አልማዞች በቊጥር የሚበዙት በሱራት የሚያልፉ ናቸው። የሕንድ ጉድጓዶች ከተሟጠጡ ከብዙ ዘመን በኋላ ሕንድ በእጅ ሥራዋ ወደ መንገዱ ተመለሰች።

መንገዱን ያልያዘ አገር ምን እንደሚደርስበት ሴራሊዮን አሳይታለች። አልማዝ በ1930 ተገኘባት፤ በ1935 የቁፋሮው መብት ለአንድ የውጭ ኩባንያ ብቻ ተሰጠ። ከ1991 እስከ 2002 በነደደው ጦርነት ዐማፅያኑ አልማዙን እየሸጡ መሣሪያ ገዙበት፤ የብዙ ንጹሓን እጅም ተቈረጠ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ላሚቱ ወተት መንፈጓ ብቻ ሳይሆን ባለቤቷን ወጋች። በ2000 በኪምበርሊ ከተማ የተጀመረው ምክክር በ2003 ሥራ ላይ የዋለውን የምስክር ወረቀት ሥርዐት ወለደ። ሥርዐቱ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የሚከለክለው ዐማፅያን መንግሥትን ለመውጋት የሚሸጡትን ጥሬ አልማዝ ነው። የሠራተኛው ደመወዝ ማነስ፥ የልጆች ጉልበት መበዝበዝ፥ የመሬት መበላሸት በትርጉሙ ውስጥ አልገቡም። ስለዚህ ወረቀቱ የሕሊና ሥራን አይተካም።

ሁለተኛዋ ምሳሌ ቦትስዋና ናት። በ1966 ነጻ ስትወጣ ከዓለም ድኾች አገሮች አንዷ ነበረች። በ1967 የኦራፓ አልማዝ ተገኘ። ስፍራው የፕሬዚዳንቱ የሴሬትሴ ካማ ጎሣ በሆኑት በባማንግዋቶ አገር ነበር፤ ሆኖም በእርሱ ዘመን የማዕድን መብት ከየጎሣው ወጥቶ የመላው ሕዝብ ሆነ። ኦራፓ በ1971፥ ጅዋኔንግ በ1982 ሥራ ጀመሩ፤ መንግሥትም ከደ ቢርስ ጋር እኩል ባለድርሻ ሆነ። በ2013 ደግሞ ጥሬ አልማዝ ለነጋዴዎች የሚሸጥበት ሥራ ከለንደን ወደ ጋቦሮኔ ተዛወረ። ጉድጓዱ ያው ጉድጓድ ነው፤ መንገዱ ግን ወደ አገር ገባ፤ ትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያም ተሠራበት።

ይሁን እንጂ የቦትስዋናም ታሪክ ያለ ሥጋት አይደለም። በ1954 የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ካርቦንን በግፊትና በሙቀት ወደ አልማዝ ለውጠው ነበር። በመጀመሪያ ለመሣሪያ ስለት ብቻ ይውል የነበረው ይህ ጥበብ ዛሬ ለጌጥ የሚሆን ጥሩ ድንጋይ ይሠራል። ይህ ብርጭቆ ወይም ማስመሰያ አይደለም፤ በንጥረ ነገሩም፥ በጥንካሬውም፥ በብርሃኑም አልማዝ ነው፤ በዐይን ብቻም ከተፈጥሮው አይለይም። በ2018 ደ ቢርስ ራሱ ላይትቦክስ በሚል ስም በካራት 800 ዶላር ይሸጠው ጀመር፤ ዋጋው በየቦታው እየወረደ ሄዶ በ2025 ይህንኑ ንግድ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በጉድጓድ የሚወጣውም ገበያ ተናጋ፤ በ2024 የደ ቢርስ ዋና ባለቤት አንግሎ አሜሪካን ኩባንያውን ከራሱ እንደሚለይ ገለጸ፤ በዚያው ዓመት የቦትስዋና ኢኮኖሚ በአልማዝ ሽያጭ መቀነስ ምክንያት ወደ ኋላ ተመለሰ። ለአንድ መቶ ዓመት ያህል የታጠረው መንገድ ማንም ባልጠበቀው በኩል ተከፈተ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለሙያችን የሚተርፈው ምንድን ነው? እኔ ሦስት ነገሮችን አያለሁ።

አንደኛው እውነት መናገር ነው። አንድ ሙሽራ የብዙ ወር ደመወዙን ይዞ ወደ አንጥረኛ ሱቅ ገብቶ «ይህ ድንጋይ ዋጋውን ይጠብቅልኛልን?» ብሎ ሲጠይቅ፥ ስለ ዘላለማዊነት መስበክ አይገባንም። ወርቁ ተመዝኖ ሊሸጥ ይችላል፤ ፈርጡ ግን ከሱቁ እንደ ወጣ በገዛበት ዋጋ የሚቀበለው ነጋዴ በአብዛኛው አያገኝም። ድንጋዩ ከጉድጓድ የወጣ ወይም በፋብሪካ የተሠራ መሆኑንም ሳይጠየቅ መግለጽ የሻጩ ግዴታ መሆን አለበት። ይህን ሰምቶ ከገዛ በፍቅር ገዛ፤ ተታሎ ግን አልገዛም።

ሁለተኛው የመጣበትን መጠየቅ ነው። የወረቀቱን ማኅተም አይቶ ማለፍ ቀላል ነው። ከየት ጉድጓድ፥ በማን እጅ፥ በምን ውል ወጣ ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ሲበዛ ግን፥ ሻጩ መልሱን ይዞ መምጣት ይለምዳል። በኮሉር፥ በብራዚል ወንዞችና በኪምበርሊ ግቢ ስማቸው የጠፋውን ሰዎች ዛሬ ልንክሳቸው አንችልም፤ በዘመናችን የሚቆፍሩትን ግን ልንጠይቅላቸው እንችላለን።

ሦስተኛው የእጅ ሥራን ማክበር ነው። ሱራት ያለ ጉድጓድ በጠራቢዎቿ እጅ ኖራለች። የእኛም አገር የወሎና የሰሜን ሸዋ ኦፓል አላት። ኦፓል አልማዝ አይደለም፤ ለስላሳና በቀላሉ የሚሰነጠቅ በመሆኑ የተለየ አያያዝ ይሻል። የመንገዱ ሕግ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ድንጋዩን በጆንያ የሚሸጥ አገር በጎቹን ቈጥሮ እንደ ተቀበለው እረኛ ነው፤ ድንጋዩን የሚለይ፥ የሚጠርብና በቀለበት ላይ የሚያስቀምጥ አገር ደግሞ ከዋጋው ድርሻውን ይወስዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ታላቅ ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን የሠለጠነ ዐይንና የታመነ እጅ ነው፤ ሁለቱንም ማፍራት እንደዚህ ያለ ማኅበር ሊሠራው የሚችለው ሥራ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤ የአልማዝ ጥንካሬ የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ ውድነቱ ግን የሰው ሥራ ነው። የሰው ሥራ ከሆነ ደግሞ በሰው ሊታረም ይችላል። ጉድጓዱንና ቀለበቱን የሚያገናኘው መንገድ ወደ ፊትም ይቀጥላል፤ እኛም በዚያ መንገድ ላይ ቆመን የምንሠራ ነንና፥ ድንጋዩን ባነሣን ቍጥር ከእኛ በፊት ያነሣውን እጅ እናስብ።